ለታደለች ሳል ይዤው የሄድኩት ክኒን

እህቴን ታደለችን በጸሎት ስታስቧት ከርማችኋል፤ ከተመለስኩ ወዲህም «እንዴት ናት?» ያላለኝ ሰው የለም። አንዳችሁን በመንገድ፣ አንዳችሁን በገበያ እያገኘሁ በአጭሩ መልሻለሁ። በአጭሩ ስመልስ ግን የዘለልኩት ነገር አለ፤ እሱም እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ መሠረተ ትምህርት ባስጨበጠኝ ፊደል፣ ከሄድኩበት ቀን እስከ ተመለስኩበት ድረስ፣ ያየሁትንም ያጠፋሁትንም ልጽፍላችሁ ነው። ከእናንተ መካከል ሸገርን ያላየ፣ ከእንግዲህም የማያይ አለ። ለእሱ ስል መንገዱንም አልዘለውም።

ዓርብ

ከሆሳዕና የተነሳነው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። መኪናው ቅጥቅጥ ነው፤ ስንት ሰው መጫን እንዳለበት ተጽፎበታል፣ ስንት እንደጫነ ግን እኔ አልናገርም። ጭኔ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ እግሬ ሥር በጀሪካን እርጎ፣ በኮቴ የውስጥ ኪስ ደግሞ በመሐረብ የቋጠርኩት ክኒን። ክኒኑን ታውቁታላችሁ፤ ቀይና ጥቁሩ አምፒሲሊን ነው። እኛ ዘንድ የሌለበት ቤት አለ? ሳል ቢሆን፣ ጥርስ ቢሆን፣ ሁለት ዋጥ ነው። ልጅ እግሩን ድንጋይ ቢቆርጠው ፈትተን ዱቄቱን እንነሰንስበታለን። የተረፈውም አይጣልም፣ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ታደለች በስልክ ስታናግረኝ ሳሉ መሃል እየገባ ቃሏን ሲቆርጥባት ሰምቼ፣ ሳጥን ውስጥ የነበረውን ሁሉ ጠርጌ ያዝኩላት።

ሕመሟን ለማታውቁ፣ ካንሰር ነው፤ ሳንባዋ ላይ። በቀዶ ጥገና የሚወጣ አይደለም ተብሏል። ልጇ ሜሮን ደውላ «ጋሼ፣ አዲስ መድኃኒት ሊጀምሩላት ነው፣ ሐሙስ፤ እርስዎ ቢመጡ ደስ ይላታል» ስትለኝ ነው የተነሳሁት።

ወራቤ ሳንደርስ ጀሪካኑ ክዳኑን ተፋ። እርጎው ከጎኔ በተቀመጠችው ሴትዮ ቀሚስ ላይ ሄደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሷ ግን በሻርፗ እየጠረገች፣ «ወተት እኮ ነው አባባ፣ ቤንዚን አይደል» አለች። ቡታጅራ ለቁርስ ስንወርድ ደግሞ፣ እኔ መብላት አላሰኘኝም ብል፣ «የታመመ ልጠይቅ ብሎ ራሱ ታሞ የሚደርስ ሰው አልወድም» ብላ ፍርፍር አስቀርባ አስበላችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ዓለም ገና ላይ ወረደች። ይህ ይቆጨኛል።

መኪናው አየር ጤና አራገፈን። ከዚያ በታክሲ ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች ደግሞ በባቡር እስከ አያት፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማለት ነው። ባቡሩ ውስጥ ሰው ከሰው ተጣብቆ ይቆማል እንጂ አይነጋገርም። እኛ ዘንድ ሁለት ሰው አንድ በቅሎ መንገድ ላይ ቢገናኝ እስከ ቅድመ አያቱ ይጠያየቃል። አንድ ጎረምሳ ጆሮው ላይ የሰካውን ነቅሎ «ፋዘር፣ ቁጭ ይበሉ» ብሎ ተነሳልኝ። ተቀመጥኩ፤ ነገር ግን ቂጤ አላርፍ አለ። በየጣቢያው «ደረስን?» እያልኩ እነሳለሁ። በመጨረሻ ልጁ ሳቀና «ፋዘር፣ አያት መጨረሻው ነው፣ ቢፈልጉም ሊያልፉት አይችሉም» አለኝ።

ታደለች የምትኖረው ከሜሮን ጋር ኮንዶሚኒየም ላይ ነው፤ አራተኛ ፎቅ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። «ማን ጋ ነው? መታወቂያ?» አለኝ። እኛ ቤት እንግዳን የሚጠይቀው ውሻ ብቻ ነው፣ እሱም ለምዶ ዝም ይላል። ደረጃውን ሦስት ጊዜ አርፌ ወጣሁ። በሩን ስትከፍትልኝ ትከሻዋ ከቀሚሱ ውስጥ የጠፋ መሰለኝ። አቅፌ ያዝኳት፤ ደረቷ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ሰማሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሜሮን ሥራ ሄደች፤ ባንክ ነው የምትሠራው፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ትገባለች። እኔና ታደለች ብቻችንን ቀረን። ከመስኮቱ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ እላለሁ። ከበረንዳው የሚታየው ሌላ በረንዳ ነው፤ አንድ ዛፍ እንኳ ብፈልግ አጣሁ። እሷ ትስላለች፤ በሳለች ቁጥር እኔ እነሳለሁ።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል። አንተ ስትነሳ ሳሉ አይቆምም።»

«የሚያቆመውን ይዣለሁ» አልኩና መሐረቡን ፈታሁ።

ስታየው ሳቀች። «አሁንም ይህን ትቋጥራለህ?»

«የቤታችን ነው። ሁለት ጠዋት፣ ሁለት ማታ። ለሐሙስ ደረትሽ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃቸው።»

«ለሜሮን አትንገር። እሷ ሁሉን ነገር ስልኳን ሳትጠይቅ አትውጥም።» ውኃ አምጥቼላት ዋጠች። ማታም ዋጠች።

እሁድ

የታደለች ቤተ ክርስቲያን ጎሮ ነው። ከሀገራችን የመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱን መዝሙር የዘመሩት በእኛው ቋንቋ ነበር፣ እንባዬ መጣ። ከአምልኮ በኋላ አንድ የሀገራችን ሰው ከነሚስቱ «ምሳ ሳትበሉ ብትሄዱ እንቀየማለን» ብለው ቤታቸው ወሰዱን። ጎመን፣ አይብ፣ ክትፎ፣ እኔ ያመጣሁትን የመሰለ ቆጮ። ሰዎቹ በልተን ሳንጨርስ ይደግሙልናል። ታደለች ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ተኛች። አንድ ሰዓት ሙሉ አልሳለችም። ባልየው «ዛሬ ቀለል ብሏታል» ሲለኝ የውስጥ ኪሴን ዳሰስኩና ኮራሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ኮርቼ ነበር።

ሰኞ

ክሊኒኩ ጉርድ ሾላ አካባቢ ነው። ሜሮን ፈቃድ ወስዳ ሦስታችን ሄድን። ሰው ቁጥር ይዞ በጸጥታ ይቀመጣል። እኔ ግን ኮሪደሩን ወጣሁ ወረድኩ፤ አንዲት ነርስ «አባባ፣ የጠፋ ነገር አለ?» እስክትለኝ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከሜሮን ብዙ አትበልጥም። ታደለችን ብዙ ጠየቀቻት፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሳል። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ባለፈው አንድ ወር አንቲባዮቲክ ወስደዋል? አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ እንደዚህ ያለ ነገር?» አለች።

ታደለች አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞራ «ኧረ ምንም አልወሰድኩም» አለች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ ክኒን ለምን ተጠየቀ?» አልኩ።

«አባባ ከየት ነው የመጡት?»

«ከሆሳዕና፣ ከገጠሩ።»

«እንግዲያው እርስዎ ያስረዱኝ። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር ማን ነው የሚያብላላው?»

«እርሾው ነዋ። ከድሮው ጥቂት ይደባለቅበታል፣ ከዚያ ራሱ ይሠራዋል።»

«እርሾው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። በእኛም ሆድ ውስጥ እንደዚያ ያሉ አሉ፤ ለመቁጠር የሚያስቸግሩ። ሁሉም ክፉ አይደሉም። ምግብ ይፈጩልናል፤ ከዚያም ሌላ ሥራ አላቸው።» ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ሰውነታችን ዘበኞች አሉት፤ በሽታ የሚጠብቁ ህዋሳት። ብዙዎቹ የሚውሉት አንጀት አካባቢ ነው። ከእነዚያ ጥቃቅኖች ጋር ቀን ከሌት ሲተያዩ፣ ማን ጎረቤት ማን ሌባ እንደሆነ ይማራሉ፤ ንቁ ሆነውም ይቆያሉ። ካንሰር ተንኮለኛ ሌባ ነው። ለዘበኛው "የቤቱ ሰው ነኝ" ይለውና ያስተኛዋል። ሐሙስ የምንሰጣቸው መድኃኒት ካንሰሩን ራሱን አይመታም፤ የተኛውን ዘበኛ ነው የሚቀሰቅሰው።»

«ክኒኑስ?»

«አንቲባዮቲክ ሌባውንም ጎረቤቱንም አብሮ ነው የሚያባርረው። ለእውነተኛ ኢንፌክሽን ግድ ነው፣ ሕይወት ያድናል። ያለ ምክንያት ሲወሰድ ግን ዘበኞቹ የሚያነቃቸው ያጣሉ። ይህን መድኃኒት ሊጀምሩ ሲሉ አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች ላይ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ደከም ብሎ ታይቷል። ያደከመው ክኒኑ ይሁን ክኒኑን ያስወሰዳቸው ሕመም፣ ገና እየተጠና ነው። ለዚህ ነው ሁሉንም የምጠይቀው።»

ጉድጓዱ ዓይኔ ላይ መጣ። የፈላ ውኃ ይዞ ሄዶ እየተብላላ ያለ ቆጮ ላይ የሚገለብጥ ሰው ታየኝ፤ ሰውዬው እኔ ነበርኩ። ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ጠላት ነው፣ መታጠብና መጽዳት አለበት ብለን አይደል ያደግነው? ስለ ምግብም ጠየቅኳት። ቆጮው፣ ጎመኑ፣ ባቄላው፣ ምስሩ ጥሩ ነው አለች። ያልፈላ ወተት ግን እንዳይሰጣት፤ በየፋርማሲው ለሆድ ጥሩ ነው ተብሎ የሚሸጠውንም ሳናማክራት እንዳንገዛ። መንገድ ላይ የፈሰሰው እርጎ ምንም አልቆጨኝም። ክኒኑን እንደሰጠኋት ግን አልተናገርኩም። ተነስተን ወጣን።

ሜሮን ከጉርድ ሾላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ባቡር ስንጠብቅ ታደለችን «ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«በሰባ ሁለት ዓመትህ አንዲት ልጅ ስትቆጣህ ልይ?»

«ትቆጣኝ እንጂ!»

«አለቀ በቃ ጋሼ። ክኒን ነው፣ መርዝ አይደለም።»

ማታ ልማዱ ሆኖባት «የማታዋን አምጣ» አለች። አልሰጠሁም።

ማክሰኞ

ጠዋት «ጫማ ላስጠርግ» ብዬ ወጣሁ። ዋሸሁ። እኔም ዋሸሁ ማለት ነው። በእግሬ ብዙ ሄድኩ፤ በየሱቁ ፊት እቆማለሁ፣ ምን እንደሚሸጥ ሳላይ እቀጥላለሁ። ብናገር እህቴን ውሸታም አደርጋታለሁ፤ ባልናገር ዶክተሯ የማታውቀውን ደረት ታክማለች። ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ባቡር ተሳፈርኩ፤ ጉርድ ሾላን አለፍኩትና መገናኛ ደረስኩ። መገናኛ የሆሳዕና ገበያ አሥር ጊዜ ተደራርቦ ነው። አንድ ታክሲ ረዳት ክንዴን ይዞ አሻግሮ ወደ መጣሁበት የሚመልሰኝ ታክሲ ውስጥ አስቀመጠኝ፣ «ፋዘር፣ አሁን እንዳይተኙ» ብሎ ለሾፌሩ አደራ ሰጠኝ።

ክሊኒኩ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ «ቀጠሮ አለዎት?» አለችኝ።

«ቀጠሮ የለኝም። ለዶክተሯ የምናገረው አለኝ።»

ብዙ ጠብቄ ገባሁ። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። «ቅዳሜ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። እሁድም እንደዚያው። ሰኞ ጠዋት እዚህ ከመምጣታችን በፊት ሁለት። ማንም አላዘዘላትም፤ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው።»

ጻፈችው።

«ገደልኳት?» አልኩ።

«አይ አባባ። እንደዚያ አይበሉ።»

«ታዲያ ጎዳኋት?»

«እሱን እኔም አላውቅም። ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግርዎ አይችልም።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ ያልፋል፤ «አላውቅም» ግን አብሮኝ ቤት ገባ፣ አሁንም አለ።

«እሳቸው ራሳቸው ቢነግሩኝ እፈልጋለሁ» አለች ዶክተሯ። «ሐሙስ ደግሜ እጠይቃቸዋለሁ። እስከዚያ እርስዎ መጥተው እንደነገሩኝ ይንገሯቸው። ክኒኑን እዚህ ይተዉልኝ፤ እኛ እናስወግደዋለን።» መሐረቤን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ለታደለች ነገርኳት። ሜሮንም ነበረች። ታደለች «ሰው ፊት አሳፈርከኝ» አለች። ገብታ በሯን ዘጋች።

ረቡዕ

አላናገረችኝም። ሜሮንን «ለአጎትሽ ሻይ ስጪው» ትላለች፣ እኔ ፊቷ ተቀምጬ።

ውኃ የሚመጣበት ቀን ነበር። እዚያ ውኃ በቧንቧ ሁልጊዜ አይወጣም፤ ፎቅ ላይ ደግሞ ጉልበት ያጣል። እኛ ምንጭ ድረስ እንሄዳለን፣ ምንጩ ግን ቀን አይመርጥም። ሜሮን «እርስዎ ይተዉት» ብትለኝም መቀመጥ ስላልቻልኩ በትንሹ ጀሪካን ከግቢው ቧንቧ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተመላለስኩ። ደረጃው ላይ የተቀመጡ ወጣቶች ሦስተኛው ምልልስ ላይ «ፋዘር፣ ጂም ጀመሩ እንዴ?» አሉኝ። አምስተኛው ላይ ግን ሳቃቸውን ትተው ጀሪካኑን ቀሙኝ፤ በርሜሉን ሞልተውልኝ ሄዱ። እቤት ውስጥ ታደለች ጀርባዋን ሰጥታኝ «ይህ ሰውዬ ደረጃ ላይ ሞቶ ሊያዋርደኝ ነው» አለች። ለሜሮን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ስለ እኔ ስለተናገረች ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ዶክተሯ እንዳለችው ደግማ ጠየቀቻት።

«ወንድሜ ተናግሮ የለም እንዴ? ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለች ታደለች።

«ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።»

ታደለች ቀኑንም፣ ጠዋት ማታውንም በትክክል ተናገረች። ይበቃል ብዬ ስተነፍስ፣ ቦርሳዋን ከፍታ እጇን እስከ ታች ሰደደች። «እንግዲህ ከተጀመረ አይቀር» አለችና አንድ ዕሽግ አወጣች። «የጨጓራ ነው። በየቀኑ ጠዋት እውጠዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያዘዘልኝ ሐኪም የለም። ጎረቤቴ ናት "ለእኔ ጠቅሞኛል" ያለችኝ።»

«እማ! ሲሪየስሊ?» አለች ሜሮን።

«አንቺ ስልክሽን ጠይቂ» አለቻት።

ዶክተሯ ዕሽጉን ገልብጣ አየችው። ይህም የሆድን ነዋሪዎች እንደሚያዛባ፣ የግድ ካላስፈለጋት ቀስ በቀስ እንደሚያስቆሟት ነገረችን። ከዚያ «ከበላዬ ያሉትን ሐኪም ላማክር» ብላ ወጣች። እኛ ሦስታችን ቀረን። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አይንቀሳቀስም ነበር። ይመልሱን ይሆን? ይህን መድኃኒት ለማግኘት ሜሮን ያየችውን መከራ አውቃለሁ። እኔ አሥር ክኒን ይዤ መጥቼ ላበላሸው ነው? ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እላለሁ።

«ጋሼ፣ አዞርከኝ፤ ቁጭ በል» አለች ታደለች። ከማክሰኞ ወዲህ ፊቴን አይታ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ቁጭ አልኩ።

ዶክተሯ ተመለሰች። «ዛሬ እንጀምራለን። በሽታው እኛ እስክንዘጋጅ አይጠብቀንም። የነገራችሁኝን ግን መዝግበነዋል፤ ወደፊት የሚሆነውን የምናየው ይህን አውቀን ነው።»

መድኃኒቱን ስታዩት ውኃ ነው። እኔ ደም የመሰለ፣ የሚያስፈራ ነገር ጠብቄ ነበር። ከላይ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ክንዷ ይገባል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። እጇ በረዳት፤ በሁለት እጄ ያዝኩት። ዶክተሯ ከመሄዳችን በፊት አስጠነቀቀችን። የነቁት ዘበኞች አንዳንድ ጊዜ የቤቱን ሰው ራሱን ይመታሉ፤ ተቅማጥ፣ ማሳከክ፣ ትንፋሽ ማጠር ካለ በዚያው ቀን ይነገረኝ አለች። «ደህና ነኝ ብላችሁ እንዳታሳልፉት፤ ቶሎ ከተነገረኝ የማደርገው አለኝ።»

ቅዳሜ

ዓርብን አብረን ቁጭ ብለን ዋልን። ቅዳሜ ጠዋት ሜሮን እስከ አየር ጤና አደረሰችኝ። መኪናው ሲነሳ በመስኮት ዳቦና ሙዝ አቀበለችኝ፤ ወራቤ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ቤቴ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ሳጥኑን መበርበር ሆነ። አንድ ቀይና ጥቁር ጥግ ላይ ተንከባልላ ተርፋ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስረከብኳት። ነርሱ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እናንተን ግን ሳጥናችሁን ፈትሹ ለማለት ፊት የለኝም። ጠይቃችሁ ዋጡ፣ ሐኪም ሲጠይቃችሁ የዋጣችሁትን ንገሩ፣ ይህን ብቻ ነው የምለምነው።

መድኃኒቱ ይዟት እንደሆነ የሚታወቀው ገና ከወራት በኋላ በምትነሳው የሳንባ ፎቶ ነው። ካልያዛት በእኔ ክኒን ይሁን በሌላ፣ አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም። ከዚህ ጋር ነው እንግዲህ ውዬ የማድረው።

ትናንት ደወልኩላት። «እንዴት ነሽ?» ስላት፣ እንደ ልማዳችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ደህና አይደለሁም» አለችኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ጀርባዬንና ክንዴን እያሳከከኝ ነው፤ ሽፍ ብሏል።»

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ለዶክተሯ ደውዪ እንጂ! አሁኑኑ...»

«ጋሼ» አለች፣ «ካንተ በፊት ነው ለእሷ የደወልኩት።»